«አልበላም» የሚል ልጅና የጣና ዳር ማዕድ ታሪክ



በየሳምንቱ የቁጠባ ስብሰባችን ሒሳብ ተዘግቶ ቡና ሲቀርብ፣ ከብድርና ከገበያ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወሬ የልጆች አበላል ነው። የአንዷ ልጅ ከሽሮ ሌላ አይቀምስም። የሌላዋ ጎመን ሲያይ አፉን ይዘጋል። የሦስተኛዋ ደግሞ ከቀኑ ብስኩት ከበላ እራት አይነካም። በዚህ ወሬ መካከል ትልልቆቹ እናቶቻችን ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።» ወጣቶቹ እናቶች ይህን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ያፍራሉ፣ አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ያንን አባባል እንመርምረው ብለን ተነሳን። እውነት በእነሱ ጊዜ አልነበረም? ወይስ ነበረ፣ ግን ሌላ ስም ነበረው? ጉዳዩ የወሬ ማሟሻ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 52 ከመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት አልነበራቸውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 46 ከመቶ ወርዷል፤ ያኔም ቢሆን ከሀገሪቱ አማካይ 38 ከመቶ በላይ ነበር። ቁመት የሚቀጭጨው በአንድ ቀን ረሃብ አይደለም። ምግቡ በዓይነትም በመጠንም ሳይሟላ ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ነው። ስለዚህ ልጅ ምን ይበላል፣ ምን እምቢ ይላል፣ እምቢ ሲልስ ምን እናደርጋለን የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ማዕዱ የአዋቂ በነበረበት ዘመን

በአያቶቻችን ቤት መሶብ የሚቀርበው በመጀመሪያ ለአባወራውና ለእንግዳ ነበር። ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ ሲመሽ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፣ ውሃ ያቀብላል። ተራው የሚደርሰው ትልልቆቹ በልተው ሲነሱ ነው፤ የተረፈውን እንጀራና ወጥ ከእናቱና ከእህት ወንድሞቹ ጋር ይበላል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ አማራ ቤተሰብ ሲጽፍ፣ ከልጅ በዋናነት የሚጠበቀው መታዘዝና በትልልቆች ፊት ጭምት መሆን እንደነበር ገልጿል። «ገበታ ላይ አይወራም»፣ «ከፊትህ ብላ»፣ «ዓይንህን ከሰው ጉርሻ ላይ አንሳ» እየተባልን ያደግን ሴቶች ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም።

እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ «ይህን አልወድም» የሚል ቃል ቦታ አልነበረውም። ልጁ አይወድም ማለት ግን አይደለም። የማይወደውን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ፣ አልጫውን ከቀይ ወጡ ለይቶ፣ ደረቅ እንጀራ ቆርሶ ይነሳ ነበር። የሚያየው ሰው አልነበረም፤ መሶቡ የጋራ ስለሆነ ማን ምን ያህል እንደበላ አይቆጠርም። እናቶቻችን «አልነበረም» የሚሉት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ለልጅ የራሱ ሰሃን ሲሰጠው የተረፈው ነገር በግልጽ ይታያል። የጋራ መሶብ ግን ይሸፍናል። መሸፈኑ ሰላም ያወርዳል፤ ግን ከትንንሾቹ መካከል ቀስ ብሎ የሚበላው ልጅ ሳይጠግብ ሲነሳም ይሸፍናል።

በዚያ ማዕድ ላይ ለልጅ የሚደርሰው ልዩ ነገር ጉርሻ ነበር። ጉርሻ በጣና አካባቢ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደርና ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ የተከበረ ሰው ምግቡን በራሱ እጅ እንደማይነካና ሌላ ሰው እንደሚያጎርሰው ጽፏል። ጉርሻ ክብርና ፍቅር ነው። ልጅም ከአባቱ እጅ ሲጎርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ብዙ ነገር ነበር፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ዓሣ። ነገር ግን «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚለው አባባል ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ጉርሻን እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ጉርሻ ለልጁ ማስቀመሻም ማስገደጃም ሆኖ ኖሯል። ልዩነቱ ያለው በጉርሻው መጠንና በአጉራሹ ፊት ላይ ነው።

«ጥጋብ»፣ «ቡዳ»፣ «እንጥል»

ታዲያ ልጁ በግልጽ እምቢ ሲልና ለቀናት ሳይበላ ሲቀርስ? ያኔ የሚሰጡት ስሞች ሦስት ነበሩ።

የመጀመሪያው «ጥጋብ» ነው። ልጁ ምግብ የናቀ፣ የተቀማጠለ ተደርጎ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ተግሣጽ፣ ወይም እስኪርበው መተው ነው። ረሃብን በዓይኑ ያየ ትውልድ ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም። እንጀራ መሬት ላይ ቢወድቅ አንስቶ የሚስም ሰው፣ ልጅ ምግብ ሲገፋ ሲያይ ልቡ ይደነግጣል።

ሁለተኛው «ቡዳ በልቶት ነው» የሚለው ነው። ልጅ ከሰው ፊት ከበላ በኋላ ምግብ ካስጠላው የሰው ዓይን ነው ይባላል። በዚህ ምክንያት ልጅ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ እንዲበላ ይደረግ ነበር። ጥርጣሬው ሁልጊዜ የሚያርፈው በሸክላ ሠሪዎች፣ በቀጥቃጮች፣ በሸማኔዎች ላይ ነበር። የልጃችንን እምቢታ ለመረዳት ስንል ጎረቤት ከጎረቤት ስንለያይ ኖረናል። ይህ ከታሪካችን የምናፍርበት ክፍል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያመጣው ነው። ጨቅላ ልጅ ጡት ሲተው ወይም የሚሰጠውን ሲተፋ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ወይም «ግግ አውጥቶ ነው» ይባላል። እንጥል በስለት ይቆረጣል፤ ግግ ተብሎ የወተት ጥርስ ገና ከድድ ሳይወጣ ተፈልቅቆ ይወጣል። ልጁ ያልበላው ጉሮሮው ስላበጠ፣ ጥርስ ሊያበቅል ስለሆነ ወይም ምግቡ ስላልተስማማው ሊሆን ይችላል፤ ቢላዋው ግን ደም መፍሰስና መመረዝ ጨመረበት። ስንት ሕፃን በዚህ እንደተጎዳ እናቶቻችን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጎጂ ልማዶችን የሚዋጋ ብሔራዊ ኮሚቴ የተቋቋመው እንዲህ ያሉትን ለመከላከልም ጭምር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ በሰው ላይ የሚደርስን የአካል ጉዳት ያስቀጣል። ዛሬም ግን በአንዳንድ ቀበሌ «እንጥሉን አሳዪው» የሚል ምክር ይሰማል። ልጅ መዋጥ ሲያቅተው የሚታየው በጤና ጣቢያ ነው፤ ይህን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ልንናገረው ይገባል።

በእነዚህ ሦስት ስሞች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ልጁ ምግቡን ገና አልለመደው ይሆናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጣዕም ይለመዳል

ማዕዳችንን በታሪክ ዓይን ብናየው፣ «የእኛ ምግብ» የምንለው ብዙው ነገር በየዘመኑ አዲስ ሆኖ የመጣና መጀመሪያ የተጠረጠረ ነው።

ከበርበሬ እንጀምር። በርበሬ ያለ እኛ፣ እኛም ያለ በርበሬ የነበርን አይመስለንም። ነገር ግን ይህ ቀይ ቃሪያ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያም ሆነ በሕንድ አልነበረም። ስለዚህ ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ የጣና ዳር እናቶች የሚሠሩት ወጥ ዛሬ የምናውቀው ቀይ ወጥ አልነበረም። አንድም ልጅ ደግሞ በርበሬ ወድዶ አይወለድም። ሕፃን በርበሬ ቢነካው ያለቅሳል። በአምስትና በስድስት ዓመቱ ግን ከአባቱ ፊት ድልህ ይጠቅሳል። ይህን ማን አስተማረው? ፖል ሮዚን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት በሜክሲኮ አንድ የገጠር መንደር ተመሳሳይ ነገር አይቷል። እዚያም ልጆች ሚጥሚጣ መሰሉን ቃሪያ የሚወዱት ተገድደው ወይም ሽልማት ተሰጥቷቸው ሳይሆን፣ ወላጆቻቸውና ታላላቆቻቸው በየቀኑ ሲበሉት እያዩ፣ ጥቂት ጥቂት እየቀመሱ ነው። እናቶቻችን ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ለትንሹ አልጫ፣ ከፍ ሲል ከቀዩ ጫፍ ትንሽ ጠቀስ፣ ከዚያ ፍትፍት። በርበሬን ያህል የሚያቃጥል ነገር ያለ ልቅሶ ማስለመድ የቻለ ማዕድ፣ ጎመንንና ካሮትን ማስለመድ አያቅተውም።

ድንችም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ድንችን ወደ ሀገራችን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ገበሬው ወዲያው አልተቀበለውም። በስፋት የተዛመተው ከብቱ በበሽታ አልቆ እህል በጠፋበት በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከነበረው ረሃብ በኋላ ነው። ዛሬ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ድንች የሌለበት ገበያ የለም፤ ልጆችም ከምንም በላይ የሚወዱት የድንች አልጫ ነው።

ሩዝ ደግሞ በእኛ ዕድሜ የሆነ ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ መመረት የጀመረው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ነው። በስፋት የተዘራው ዝርያ «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ከጅግና ቀበሌ ስም ወስዶ ነው። ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሌላ እህል የማይሆንበት መሬት ነበር። ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላም ይጠመቅበታል። በወረታ አካባቢ የሚያድግ ልጅ የሩዝ እንጀራ ለእሱ የአያቱ ምግብ ነው። አያቱ ግን በልጅነቷ አታውቀውም ነበር።

የፉርኖ፣ የፓስታና የመኮሮኒ ስሞች ከጣሊያንኛ መምጣታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ልጆቻችን «ሌላ አልበላም፣ መኮሮኒ ነው የምፈልገው» ሲሉን፣ የአንድ ዘመን ባዕድ ምግብ የአንድ ዘመን ልጅ ምርጫ ሆኖ እያየን ነው።

መጸየፍም ይለመዳል

እንደ መውደድ ሁሉ መጸየፍም የሚማሩት ነው። ለዚህ ከጣና የተሻለ ምሳሌ የለም።

በሐይቁ ዙሪያ ዓሣ ማጥመድንና ታንኳ መሥራትን ከሁሉም ቀድሞ የያዘው የወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ፤ በድሮ ጊዜ ጉማሬም ያድኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ያሳተመው ቺዝማን ስለ እነሱ ጽፏል። ጎረቤቶቻቸው ግን ጉማሬ ይበላሉ በሚል ምክንያት ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርሱም ነበር፤ ዕቃቸውንም አይነኩም። ልጆቻችን ይህን ጸያፍነት ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውት አልመጡም። ከእኛ ፊት ነው ያነበቡት። አንድ ጊዜ «እሰይ፣ እሱን ነካህ?» ብለን ፊታችንን ስንቋጥር፣ ልጁ ምግቡንም ሰዎቹንም አብሮ ይማራል።

ዓሣም ራሱ እንዲሁ ነው። ከሐይቁ ዳር እየኖሩ ዓሣ በወጉ የማያውቁ የገበሬ ቤቶች ብዙ ነበሩ። በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማጥመድ በጣና ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንድ በጎ አድራጊዎች ድጋፍ በተቋቋመ ፕሮግራም ነው። ከዚያ በኋላ የዓሣ ገበያው ሰፋ፣ ባሕር ዳርም የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ለብለብ ከተማ ሆነች። ቆሮሶን ሁሉም ይወዳል። አምባዛን ግን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ አይበላም፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት ሕግ የተከለከለ ነው ስለሚባል። ይህ የእምነት ነገር ነውና እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይከተላል። ለልጆች የምንነግርበት መንገድ ግን በእጃችን ነው። «እኛ አንበላውም» ማለትና «ያስጠላል፣ የሚበሉትም ያስጠላሉ» ማለት ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው።

ስለ ዓሣ አንድ ተግባራዊ ነገርም እንጨምር። ብዙ ልጆች ዓሣ የሚጠሉት ከጣዕሙ ይልቅ እሾኹን ፈርተው ነው። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን የወጋው ልጅ ለዓመት ሊሸሽ ይችላል። ለትንንሾች ከአጥንት የጸዳውን ፊሌቶ መግዛት ወይም በእጅ ዳስሶ እሾኹን ለቅሞ፣ በቲማቲምና በሽንኩርት ለስላሳ አድርጎ መስጠት የእናቶቻችን ዘዴ ነው። እሾኹን የለቀመች እናት የልጇን እምቢታ አልናቀችም፤ ምክንያቱን ፈልጋ አገኘች።

ጾምና የልጅ ሰሃን

በእኛ ከተማ ስለ ልጆች ምግብ ሲወራ ጾምን መዝለል አይቻልም። በኦርቶዶክስ ቤት ዓመቱን ብንቆጥር የጾም ቀናት ከእኩሌታው ይበልጣሉ። ትንንሽ ልጆች ግን በጾም አይታሰሩም፤ በብዙ ቤት ሰባት ዓመት የመነሻ ዕድሜ ተደርጎ ይያዛል። ፍልሰታን ደግሞ ልጆች በደስታ ይጾሙታል፤ ቆርበው ሲመለሱ የሚሰማቸውን ክብር ሁላችንም በልጅነታችን ቀምሰነዋል።

ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ሳይሆን ወጥ ቤታችን ላይ ነው። እናትየዋ በምትጾምበት ወቅት ድስቱ፣ ማንኪያው፣ መክተፊያው እንዳይነካካ ብላ ለልጁ እንቁላልም ወተትም ቅቤም ሳትሠራ ትቀራለች። ልጁ ጾም የለበትም፤ ሰሃኑ ግን ጾመ። ሁለት ወር ሙሉ ሽሮና ጎመን ብቻ የበላ የሁለት ዓመት ልጅ ከፋሲካ በኋላ እንቁላል ሲቀርብለት «ይህ ምንድን ነው?» ቢል አይፈረድበትም፤ ረስቶታል። የምንወደው ነገር በተደጋጋሚ የምናየው ነገር ነውና።

ከአባላቶቻችን አንዳንዶቹ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነው። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለይቶ በሌላ መደርደሪያ ማስቀመጥ። የነፍስ አባትን ማማከር ለሚፈልጉም በሩ ክፍት ነው፤ የጾም ሥርዓት ሕፃናትን እንደማይመለከት ከእነሱ መስማት ለአማትም ለባልም ልብ ያሳርፋል።

ከተማዋ ስታድግ

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም ፖሊቴክኒክ ሲገባላት ትንሽ መንደር መሆኗ ቀረ። ሴቶች በፈረቃ መሥራት ጀመሩ። እራት ሰዓት እናት ፋብሪካ ስትሆን ልጁ በታላቅ እህቱ ወይም በሠራተኛ እጅ ይበላል። መሶቡን ከብበው የሚበሉበት ሰዓት ተበታተነ። ልጅ ትልልቆቹ ምን እንደሚበሉ እያየ የሚማርበት ዕድል የቀነሰው ያኔ ነው።

በዚያው ዘመን ሀገሪቱ ስለ ልጆች ምግብ በአዲስ መንገድ ማሰብ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቋመ፤ በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያ የወጣው ትልቁ ሥራ ፋፋ ነው። የእህል፣ የጥራጥሬና የወተት ዱቄት ከቫይታሚን ጋር ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ነበር። ስሙን ያወጣው ሰው የእናት ልብ ያውቅ ነበር፤ «ልጄ ፋፋ» ከማለት በላይ ለእናት ምን ምስጋና አለ? ብዙዎቻችን በፋፋ ገንፎና አጥሚት ነው ያደግነው። ፋፋ ያስተማረን ዋና ነገር ግን በፓኬቱ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ጥራጥሬንና እህልን ቀላቅሎ ማብላትን ነው፤ ይህን በራሳችን ሽምብራ፣ ዳጉሳና ስንዴ ቤታችን ውስጥ ማድረግ እንችላለን።

ዳጉሳን ስናነሳ አንድ የምናዝንበት ነገር አለ። በሜጫና በባሕር ዳር ዙሪያ የዳጉሳ እንጀራ የቆየ ምግብ ነው፤ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ነጭ ጤፍ የጌታ፣ ጥቁሩ የድሃ እየተባለ ስለኖረ፣ ልጆቻችን የጠቆረ እንጀራ ሲያዩ ከንፈራቸውን ይጥላሉ። ልጁ የሚጠላው ጣዕሙን አይደለም። ስለ እሱ የተነገረውን ነው።

ከዚያ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ መጣ። በየሱቁ በትንሽ ብር ይገኛል፤ ልጁ ሲያለቅስ ዝም ያሰኛል። ትምህርት ቤት ሲሄድም ቦርሳው ውስጥ ይገባል። ሆዱ በጣፋጭ ከሞላ በኋላ ማታ ሽሮ ቢገፋ አያስገርምም። «ምግብ አይወድም» የምንለው ልጅ ብዙ ጊዜ ጠግቦ የተቀመጠ ልጅ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አገኘ

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት ሐኪሞች እናቶችን «ይህን ያህል ግራም፣ በዚህ ሰዓት» እያሉ ያዝዙ ነበር፤ ልጆች ግን እምቢ ይሉ ነበር። ክላራ ዴቪስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገና ጡት ለተዉ ሕፃናት ከ30 በላይ የሆኑ ቀላል ምግቦችን በየተራ እያቀረበች፣ ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገች። ሞግዚቶቹ እንዳያባብሉ፣ እንዳይቆጡም ታዝዘው ነበር። በ1939 ስለ 15 ልጆች ባቀረበችው ዘገባ ልጆቹ በየቀኑ የሚበሉት ቢለያይም፣ በጊዜ ውስጥ ግን በደንብ አድገዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «ልጅ የፈለገውን ይብላ» ይላል። ዴቪስ ራሷ ያስተዋለችው ሌላ ነው። ከቀረቡት ምግቦች መካከል ብስኩትም ስኳርም አልነበረም። ልጁ የመረጠው አዋቂዎች በደንብ ከመረጡለት ውስጥ ነው።

ሊያን በርች የተባለች ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የሁለት ዓመት ልጆች አዲስ ምግብን እየደጋገሙ ሲቀምሱ እየወደዱት እንደሚሄዱ አሳየች፤ አንዳንዱን ምግብ እስከ 20 ጊዜ ድረስ አቅርባላቸዋለች። በኋላም «ይህን ከጨረስክ ያንን እሰጥሃለሁ» እየተባለ የተሰጠ ምግብ በልጁ ዘንድ ይበልጥ እንደሚጠላ አገኘች። ልጁ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ «ሽልማት የሚያስፈልገው ከሆነ መጥፎ ነገር መሆን አለበት።» ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ2001 እናት በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ ከጠጣች፣ ልጇ በኋላ የካሮት ጣዕም ያለው ምግብ ሲሰጠው ፊቱን ያነሰ እንደሚያጨፈግግ አይተዋል። ጎመኗንና ዓሣዋን የምትበላ አጥቢ እናት ልጇን ከወዲሁ እያስለመደች ነው ማለት ነው።

እነዚህ ጥናቶች ለእኛ አዲስ የሚሆኑት በከፊል ብቻ ነው። ልጅ ከአሥር ጊዜ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል የሚለው፣ ከበርበሬ ጋር ያለን ታሪክ የሚመሰክረው ነው። እኛ ግን ጎመንን ሁለት ጊዜ አቅርበን «አይወድም» ብለን እንተዋለን።

ከታሪኩ የምንወስደው

ታሪኩን ተመልክተን፣ ከድሮው የሚቀጥል አለ፣ የሚቀርም አለ ብለን ተስማምተናል።

የሚቀጥለው መሶቡ ነው። በቀን አንድ ጊዜ እንኳ አብሮ መብላት፤ ልጁ እኛ ስንበላ ማየት አለበት። ለእሱ ብቻ ሌላ ምግብ መሥራት ከሰልም ዘይትም ይጨርሳል፣ ደግሞም ከጋራው ማዕድ ያስወጣዋል። ይልቅ ከሚቀርበው ውስጥ ቢያንስ አንዱ ልጁ የሚያውቀው ይሁን፤ አልጫ፣ እርጎ ወይም ድንች። አዲሱ ከጎኑ በጥቂቱ ይቅረብ። ትንሽ ጉርሻ በፈገግታ ይሰጥ፤ እምቢ ካለ ይለፍ፣ ነገም ሌላ ቀን ነው።

የሚቀረው ልጁን እስከ መጨረሻ ማቆየቱና የተረፈ ብቻ ማብላቱ ነው። ትንሹ ቀስ ብሎ ስለሚበላ ድርሻው በራሱ ሰሃን ይቀመጥለት፤ ከዚያ ከመሶቡም ይቀላቀል። አፍንጫ ይዞ ማንቆርቆር፣ በግድ ማዋጥ፣ መምታት ይቅር፤ ትንታ አለበት፣ ልጁም ያን ምግብ ከፍርሃት ጋር ያስታውሰዋል። ብስኩቱ ከምግብ ሰዓት ይራቅ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጅ ክብደት ከቀነሰ፣ መዋጥ ካመመው፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለው፣ ወይም ለቀናት ምንም የማይወስድ ከሆነ ይህ የምርጫ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን መጥራት ወይም ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በልጆች ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ያለመ ነው። ይህ ቃል የመንግሥት ብቻ ሆኖ ሊፈጸም አይችልም፤ የሚፈጸመው በየወጥ ቤታችን ነው።

ሌላም እናውቃለን። አንዳንድ ቤት መሶቡ ላይ የሚቀርበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው በዚህ ሩብ ዓመት ከማኅበራችን ብድር ዶሮ ለሚገዙና በጓሯቸው ጎመንና ካሮት ለሚተክሉ አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ በስብሰባ የተነሳውን ሐሳብ የምንደግፈው። ልጁ እንቁላል መውደድ አለመውደዱን ለማወቅ መጀመሪያ እንቁላሉ ያስፈልጋል።

እናቶቻችን «በእኛ ጊዜ አልነበረም» ሲሉ፣ አሁን የምንመልስላቸው መልስ አለን። ነበረ። ጥጋብ ይባል ነበር፣ ቡዳ ይባል ነበር፣ እንጥል ይባል ነበር። ደግሞም በርበሬ የማይችለውን ሕፃን ቀስ ብላችሁ ቀይ ወጥ ያስለመዳችሁ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም እያንዳንዳችን አንዲት ትልቅ እናት ጠይቀን፣ ልጆቿን ማንኛውን ምግብ እንዴት እንዳስለመደቻቸው ጽፈን እንድናመጣ እንጠይቃለን። መጻፍ የማይመቻት በስብሰባው ላይ ብትነግረን እኛ እንጽፍላታለን።